የበለጡ ንዴትና የመካነ ሰላም በርገር

በለጡ ስትናደድ አትጮህም። ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ ቃላቱ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ የሚያውቋት ሰዎች ያን ጊዜ መንገድ ይለቁላታል። መካነ ሰላም ሠላሳ ዓመት ስትኖር እንዲያ ሆና የታየችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ይላሉ ጎረቤቶቿ። አንደኛው ባሏ ቸኮል በሞተ ሰሞን ወንድሞቹ መሬቱን ሊካፈሉ የመጡ ዕለት ነው። ሁለተኛው በበርገር ምክንያት ነው።

በበርገር ሲባል የሚስቅ አይጠፋም። እሷ ፊት ግን ማንም አይስቅም።

ነገሩ የሚጀምረው ወደ ዓባይ የሚወርደው መንገድ ሲሠራ ነው። ቸኮል ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ልጇ የኔአለም ስምንተኛ ክፍል ነበረች። በለጡ ከከተማው ወጣ ብሎ በተተከለው የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ልብስ አጣቢ ሆና ተቀጠረች። በሦስተኛው ወር የካምፑ ወጥ ሠሪ ታማ ወደ ደሴ ተወሰደች። ኃላፊው አጣቢዎቹ መሀል ቆሞ "ወጥ የምትችል ማን ናት?" ሲል፣ በለጡ እጇን ከሳሙናው ሳታወጣ "እኔ" አለች።

እዚያ ከሚመገቡት መሐንዲሶች አንዱ አንገቱ በፀሐይ የቀላ፣ ዝምተኛ፣ ስድሳ ዓመት ያለፈው አሜሪካዊ ነበር። ሠራተኛው ሚስተር ዴል ይለዋል። ያቀረቡለትን ሁሉ ይበላል፤ ሆድ የሚብሰው እሑድ እሑድ ነው። ታዲያ አንድ እሑድ እጅጌውን ጠቅልሎ ማድ ቤት ገባ። ከመንገዱ መሬት ቀያሾች አንዱ አስተርጓሚ ሆነ። አገሩ የአሜሪካ ደቡብ እንደሆነ፣ እናቱም በርገር የምትሠራው እንደ ሌላው አገር ሰው እንዳልሆነ ነገራት። ጠፍጣፋው ሥጋ ይጠበሳል፤ በላዩ እንደ ምንቸት አብሽ ያለ የተፈጨ ሥጋ ወጥ ይደረጋል፤ በዚያ ላይ ቀጭን የተከተፈ ጥቅል ጎመን፣ ጥሬ ሽንኩርትና ሰናፍጭ።

"ከሥጋው በላይ ደግሞ ሥጋ?" አለች በለጡ።

"አዎ ነው የሚለው" አለ ቀያሹ።

"ይሄ ጥጋብ ነው በለው።"

ቀያሹ ይህን አልተረጎመም።

የመጀመሪያው ቀን ግን ነገሩ አላምር አለ። ከአዲስ አበባ የመጣው ጠርሙስ ውስጥ የቀረው ሰናፍጭ አንድ ማንኪያ አይሞላም። ጎመኑ ውሃ አፍልቆ ዳቦውን አሟሸሸው። ሰውዬው እጁን ጠርጎ ሳህኑን ገፋ አደረገው። በለጡ ባዶውን ጠርሙስ አንስታ አሸተተችው፤ ደግማ አሸተተችው። "ይሄማ የኛው ሰናፍጭ ነው!" አለች። በሚቀጥለው እሑድ ከቤቷ ሰናፍጭ ፈጭታ፣ በጨውና በአቼቶ ለውሳ፣ መልኩ ቢጫ እንዲሆንለት እርድ ጣል አድርጋ ወረደች። ጎመኑንም በራሷ ዘዴ አደረገችው፤ ከትፋ በጨው አሽታ አሳደረችው፣ በነጠላ ጨርቅ ጠምዝዛ ውሃውን አወጣች፣ ከዚያ በኋላ ነው አቼቶና ስኳር ያስነካችው። ወጡን ያለ ቅቤ፣ ሽንኩርቱን ብዙ አቁላልታ፣ በርበሬውን ቀንሳ ሠራችው።

ሚስተር ዴል አንድ ጊዜ ጎረሰ። ሰናፍጩ አፍንጫው ገባና ጠረጴዛውን ይዞ እንባው እስኪመጣ አሳለው። ከዚያ ሁለተኛ ጎረሰ። ሦስት በላ። ሁለት ዓመት ተኩል፣ ጾም ካልሆነ በቀር፣ የካምፑ እሑድ ይኸው ነበር። ካምፑ ሲነሣ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በቡሎን የሚታሰረውን የብረት የሥጋ መፍጫውን ለበለጡ ሰጣት። "እናቴ የሠራችው እንዲህ አልነበረም፤ ያንቺው ይሻላል ይላል" አለ ቀያሹ። ሰውዬው ሲያዝን ይሁን ሲስቅ በለጡ አልለየችም።

ከዚያ በኋላ በለጡ በርገሩን ቤቷ ትሠራው ጀመር። ክብ ዳቦውን በቆርቆሮ ትጋግረዋለች። የኔአለም አግብታ ወደ አቀስታ እስክትሄድ ድረስ የልጅቱ ጓደኞች እሑድ ከዚያ ቤት አይጠፉም ነበር። አጥሩን የምትጋራት ፈይዛ፣ ቅመም የምትሸጠዋ፣ ሽታው ባወዳት ቁጥር "እታለም፣ ያንቺ ሥጋ ለኔ የማይሆን ሆኖ አቃጠልሽኝ" ትላታለች። በለጡም ጎመኑንና ሰናፍጩን ብቻ በዳቦ አድርጋ ትልክላታለች።

የእህቷ የወርቄ ልጅ ክንፈ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኖ ነጥብ አልመጣለትም፤ ሁለት ዓመት ጀበና ቤት በር ላይ ተቀምጦ ከረመ። ወርቄ እያለቀሰች "አንድ ነገር አሲዥልኝ" አለች። በለጡ አላመነታችም። ልጁን ወስዳ አምስት ወር በቤቷ አስተማረችው። ሥጋው ከየት ብልት እንደሚቆረጥ፣ ጮማው ስንት እጅ እንደሚሆን፣ መጥበሻው ምን ያህል ሲግል ሥጋው እንደሚጣል። ሰናፍጭ ሲፈጭ ፊት እንዴት እንደሚዞር ሳይቀር አሳየችው። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ቤት ሲከፍት መፍጫዋን አውሳው "ስትደላደል ትመልስልኛለህ" አለችው። ክንፈ ጉልበቷን ስሞ ወሰደ። በሩ ላይ "ሼፍ ክንፈ፣ ሳውዝ በርገር" የሚል ማስታወቂያ ሰቀለ። ቤቱ በአንድ ጊዜ ሞቀ። አስተማሪው፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው፣ የሚኒባስ ሾፌሩ ይጎርፍ ጀመር። በለጡ ደስ አላት። እውነቷን ነው፣ ያኔ ደስ ብሏት ነበር።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ፈይዛ ከሱቋ ጠራቻት። ስልኳን ይዛለች፤ ፊቷ ልክ አይደለም።

"እታለም፣ ነይ እስቲ ይሄን እይው። በኋላ ከሰው ከምትሰሚው።"

ከደሴ የመጣ አንድ ቪዲዮ ሠሪ ክንፈን ቤቱ ድረስ ሄዶ አነጋግሮታል። ክንፈ ነጭ ቆብ ደፍቷል። "ይህን ለየት ያለ በርገር ከማን ተማርከው?" ይለዋል ጠያቂው። ክንፈ ሳቅ ይላል። "አዲስ አበባ፣ ትልቅ ሆቴል ውስጥ፣ ከአሜሪካ የመጣ ሼፍ ሥር ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ጎመኑን በጨው የማሸት ነገር ግን የራሴ ፈጠራ ነው።" "እዚህ አገር ከዚያ በፊት የሚያውቀው አልነበረም?" "ኧረ የት አውቀውት! የኛ እናቶች ከሽሮና ከጎመን ወጥ ወዲያ ምን ያውቃሉ ብለህ ነው።" ሁለቱም ይስቃሉ።

ክንፈ አዲስ አበባን የሚያውቃት መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሄዶ አሥራ አምስት ቀን ሰንብቶ ሳይሳካለት ሲመለስ ነው።

በለጡ "ድገሚው" አለች። ፈይዛ ደገመችው። "አንዴ ደግሞ።" ሦስተኛ አየችው። አዲስ አበባው አይደለም ያናደዳት፤ ወጣት ይዋሻል። ሼፍ መባሉም አይደለም። ያ ሳቅ ነው። በነጠላዋ ጎመን ስትጠመዝዝ አጠገቧ ቆሞ ሲያይ የነበረ ልጅ፣ "አክስቴ እጅሽን ልሳመው" ሲል የነበረ ልጅ፣ "ምን ያውቃሉ" ብሎ የሳቀው ሳቅ።

"አብሽሪ" አለች ፈይዛ። "ልጅ ነው፣ ዱንያ አታሎት ነው።"

"ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው" አለች በለጡ። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። ፈይዛ ከበሩ ገለል አለችላት።

ነጠላዋን መስቀልያ አጣፍታ ወደ መናኸሪያው ሄደች። የገበያ ቀን ነበር፤ የክንፈ ቤት ከሰው ብዛት መቀመጫ የለውም። በሰው መሀል አልፋ በቀጥታ ማድ ቤት ገባች። ክንፈ መጥበሻው ላይ ነው።

"አክስቴ! ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ከማን ነው የተማርከው?"

"ምኑን?"

"ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ከማን ነው የተማርከው?"

ክንፈ ወደ በሩ አየ። ሰው ይሰማል። እጇን ይዞ ወደ ጥግ ሊወስዳት ሲል እጇን ነጠቀችው።

"አክስቴ፣ ይሄ ንግድ ነው፣ ተረጂኝ" አለ ቀስ ብሎ። "መካነ ሰላም ያለች ወጥ ሠሪ አስተማረችኝ ብል ማን ይመጣል? ሰው የሚፈልገው ስም ነው። አንቺን ብጠራ ይስቁብኛል።"

"ይስቁብኛል አልክ?"

"እኔ እኮ..."

"በቃ ሰማሁ።"

ጠረጴዛው ጥግ ላይ መፍጫው ታስሯል፤ ግማሽ ኪሎ ሥጋ አፉ ላይ አለ። በለጡ ጎንበስ ብላ ቡሎኑን ትፈታው ጀመር። ክንፈ "አክስቴ፣ ሰው እየጠበቀ ነው! ዛሬን ብቻ!" እያለ ዙሪያዋን ይዞራል። አልመለሰችለትም። ቡሎኑ ዝጎ ነበርና ጣቷን ላጠው፤ እሱንም ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ሥጋውን በእጇ ጠርጋ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች፤ የእሷ አይደለምና። ከዚያ ብረቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ በሚበሉት ሰዎች መሀል ወጣች። ከመናኸሪያው እስከ ቤቷ ድረስ የሥጋው ደም ነጠላዋን እያቀላው ሄደች። "እትዬ በለጡ፣ ምን ሆነሽ ነው?" ያላትን ሁሉ "ንብረቴን ላመጣ ሄጄ ነው" እያለች አለፈች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወርቄ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ነው የጀመረችው።

"የልጄን እንጀራ ልትዘጊ ነው? በሰው ፊት ታዋርጂዋለሽ?"

"ቪዲዮውን አይተሽዋል?"

"አይቼዋለሁ። ታዲያ ምን አለ? ስም አልጠራ። አንቺን አልሰደበ።"

"የኛ እናቶች ሲል አንቺስ የለሽበትም፣ ወርቄ?"

ወርቄ ግን "አንቺ ወንድ ልጅ ስለሌለሽ አይገባሽም" አለች። በለጡ እህቷን ለረጅም ጊዜ አየቻትና በሩን ዘጋችው። ከውስጥ ሆና የወርቄን ጫማ ድምፅ እስኪጠፋ ሰማች። ሁለቱ እህቶች ከዚያ ቀን በፊት አንድም ፋሲካ ተለያይተው አሳልፈው አያውቁም።

በሳምንቱ ሽማግሌ ተላከ። አባ ኪዳነማርያምና ሼህ ሙሐመድኑር ሆነው መጡ፤ በዚያ ሰፈር የከረረ ጠብ ያለ ሁለቱ አይፈታም። ክንፈ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ገባ።

"ልጄ፣ ልጁ ተጸጽቷል። ይቅር በይው" አሉ አባ።

"አፉ በይው በለጡ" አሉ ሼሁም። "ደም ነው።"

"አልሰማችሁኝም እንጂ አባቶቼ፣ የጠየቅሁት ከባድ ነገር አይደለም" አለች በለጡ። "ውሸቱን የተናገረው በስልክ ነው፣ አገር ሰምቶታል። እውነቱንም እዚያው ይናገር። ያስተማረችኝ አክስቴ በለጡ ናት፣ በቤቷ ነው የተማርኩት ይበል። ይሄን ካለ መፍጫውንም ራሴ ተሸክሜ እወስድለታለሁ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "ይሄማ ፍርድ ነው" አሉ ሼህ ሙሐመድኑር። "ምን ትላለህ ክንፈ?"

"እላለሁ" አለ ክንፈ። ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ሲል "መጀመሪያ በል" አለችው።

ማለቱንስ አለ። በማግሥቱ ፈይዛ ቪዲዮውን አሳየቻት። ክንፈ ነጩን ቆብ እንደደፋ ነው። ስለ አዲስ ዋጋና ስለ ድንች ጥብስ ብዙ ካወራ በኋላ መጨረሻ ላይ፣ ሰው ስልኩን ሊያጠፋ ሲል፣ "ቤተሰቦቼንም አመሰግናለሁ፣ አንዷ አክስቴ ጎመን በመክተፍ አግዛኛለች" አለ። ፈይዛ ማታ ደግማ ልታየው ስትል ቪዲዮው የለም። አጥፍቶታል።

"ወላሂ አሁንስ እኔንም አናደደኝ" አለች ፈይዛ።

በለጡ ግን የሚገርም ነገር ተሰማት። ንዴቱ አልበረደም፤ እንዲያውም ጨምሯል። ግን ሐሳቧ ጥርት ብሏል። "ጎመን በመክተፍ አግዛኛለች።" ሁለት ቀን ይህንኑ ስታላምጥ ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ መፍጫውን ቤቷ ጠረጴዛ ላይ አሰረችና አጥሩ ጋ ሄዳ ፈይዛን ጠራቻት።

"የራስሽን ሥጋ ከራስሽ ልኳንዳ ይዘሽ ነይ። መጥበሻሽንና ቢላሽንም። የሥጋ መፍጫው የኔ ስለሆነ አይሆንሽም፤ አንቺ በቢላ እንደ ክትፎ ትከትፊዋለሽ፤ እንዲያውም ይጣፍጣል።"

"ለምን?"

"በርገር አስተምርሻለሁ።"

"እኔን? ምን ላደርገው?"

"ብትፈልጊ ብይው፣ ብትፈልጊ ሽጪው። ጎረቤታችንን ሙሉሐረግንም ጥሪያት። የሚመጣውን ሁሉ ጥሪ።"

የዚያን ቅዳሜ አምስት ሴቶች መጡ። ግቢው ውስጥ ሁለት የከሰል ምድጃ ተራርቆ ተቀመጠ፤ አንዱ ለክርስቲያኖቹ፣ አንዱ ለእስላሞቹ። ዳቦው፣ ጎመኑና ሰናፍጩ የጋራ ነው። በለጡ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች ታሳያለች፤ ግን እንደ ደግ አስተማሪ አልነበረም።

"አትጫኚው! ሥጋውን መጥበሻ ላይ ስትጫኚው ጭማቂው ይሄዳል፤ ቆዳ ልትበዪ ነው?"

"ጎመኑ አልተጨመቀም። ጠምዝዢው። ባልሽ ነው ብለሽ ጠምዝዢው!"

ሴቶቹ ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም። ሙሉሐረግ ሰናፍጩን ቀርባ አሽትታ ስታስነጥስ "ፊትሽን አዙሪ አላልኩሽም?" ብላ ቆጣቻት። ዳቦውን ለሁለት ከፍላ በደረቅ መጥበሻ እንዴት ፊቱን እንደሚያሞቁት፣ ወጡ በማንኪያ ስንት እንደሚሆን፣ ሰናፍጩ ከላይኛው ዳቦ እንጂ ከሥጋው ላይ ለምን እንደማይቀባ፣ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ክንፈን ስታስተምር ሳትነግረው የቀረችው ነገር ነበር፤ የተፈጨው ሥጋ ከተድቦለቦለ በኋላ ሩብ ሰዓት ብርድ ላይ መቀመጥ እንዳለበት። ያንንም ነገረቻቸው።

ፈይዛ የራሷን ስትጎርስ ዓይኗን ጨፈነች። "ያረቢ" አለች። "ስንት ዓመት ነው በአጥር ሲያቃጥለኝ የኖረው!"

በሚቀጥለው ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰው መጣ። ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ትታዋለች። ከአጅባር እህቷን ልትጠይቅ የመጣች አንዲት ሴት ሳትቀር ተምራ ሄደች። የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ አወቀ ሚስቱን ይዞ መጥቶ በደብተር ጻፈ። ሁለት ወር ሳይሞላ ፈይዛ ከቅመም ሱቋ ጎን ለእስላሙ የሚሆን በርገር ቤት ከፈተች፤ ሙሉሐረግ ጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ጀመረች፤ አንድ ሆቴልም የተማረች ሴት ቀጠረ። ደንበኛው የሚያዘው "የበለጡን አድርጊልኝ" እያለ ነው። ማንም ያንን ስም በሰሌዳ አልጻፈውም።

የክንፈ ቤት ቀዘቀዘ። ወጣቱ ለትንሽ ጊዜ ታማኝ ሆኖለት ነበር፤ ከዚያ የሰፈሩ በርገር ከእሱ ይበልጣል ተባለ፤ እውነትም ይበልጣል፣ እሱ መፍጫውን ካጣ ወዲህ የሚገዛው ሥጋ ቤት የተፈጨ፣ ጅማት የበዛበት ነው። ክረምቱ ሳይወጣ በሩን ዘግቶ ወደ ደሴ ሄደ። እዚያ ሰው ቤት ተቀጥሯል ይባላል፤ በደንብ ይሠራል የሚሉም አሉ።

አንድ ቀን አባ ኪዳነማርያም ከቅዳሴ መልስ በለጡን መንገድ ላይ አገኟት። መስቀላቸውን አሳልመው ቆሙ።

"ልጄ፣ ያደረግሽውን ሰማሁ። የሚያውቁትን ለሌላ ማካፈል ትልቅ ምግባር ነው። ቂምሽን ወደ ደግነት ለወጥሽው።"

በለጡ መሬት መሬት አየች። አባን መዋሸት አትችልም።

"ከደግነት አይደለም አባ" አለች። "ከንዴት ነው። እሱ ብቻውን የኔ ነው ብሎ እንዳይኖርበት ነው ለሁሉም የሰጠሁት። ለአንዳቸውም አስቤ አይደለም። ዛሬም ቢሆን ያ ሳቅ ሲመጣብኝ ንዴቱ እንደ አዲስ ይነሣብኛል።"

አባ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው መለሱ። "ንስሐ ትገቢበታለሽ?"

"የሚያስፈልገው ከሆነ እገባለሁ። ግን ተጸጽቻለሁ ማለት አልችልም።"

አባ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተቆጥተው ይሁን ሊስቁ ዳድቷቸው አልታወቀም። "እንግዲያው ስትጸጸቺ ነይ" ብለው አለፉ።

በለጡ ወደ ቤቷ ስትወርድ ወርቄን ከማዶ በኩል አየቻት፤ ጎመን ተሸክማ ከገበያ ትመለሳለች። ሁለቱም ፍጥነታቸውን ቀነሱ። ወርቄ የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ በለጡም ጠበቀች፤ እንዲያውም አንድ እርምጃ ወደ መንገዱ መሀል ገባች። ከዚያ በመሀላቸው አንድ የጭነት መኪና አቧራ እያነሣ አለፈ። አቧራው ሲያርፍ ወርቄ መንገዷን ጀምራለች፤ በለጡም ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ እንደያዘች የራሷን ቀጠለች። ቅዳሜ ነበር፤ በሯ ላይ ሦስት ሴቶች መጥበሻቸውን ይዘው እየጠበቋት ነው።